በልጅዎ ወንበር

ቡራዩ፣ ረቡዕ

ይድረስ ለአማቴ፣ እናቴ ብዬ መጥራቱን ቢከለክሉኝም ላልተውኩት፤

እማዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የሱሉልታ ብርድ ዘንድሮም እንደ ልማዱ ነው ወይስ ትንሽ ራራልዎት? አምና የወሰድኩልዎትን ሙቅ ውሃ የሚሞላበትን ጎማ ይጠቀሙበት ይሆን ወይስ በእኔ ተቀይመው ጥግ ጥለውት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ጎማው ምንም አላጠፋም፤ ይጠቀሙበት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ደህና ብንሆንማ ከቡራዩ ሱሉልታ ደብዳቤ የሚጻፍበት መንገድ ነው? በታክሲ መጥቼ ደጅዎ ላይ ተቀምጬ አወራዎት ነበር።

ግን ደጄን እንዳትረግጥ ብለውኛል። ስልክ ብደውል አያነሱም። ቢያነሱም ስልክዎ ሁልጊዜ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለሚናገር፣ ጠላ ሊጠጣ የተቀመጠው ሁሉ ከእርስዎ ቀድሞ ይሰማኛል። የምነግርዎ ነገር ደግሞ ከእርስዎ በቀር ማንም ሊሰማው የማይገባ ነው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬአለሁ ብለው ይኮሩ የለም? ዛሬ ይጥቀምዎ። በሩን ዘግተው፣ ቀስ ብለው፣ ራስዎ ያንብቡት። የሚያደርስልዎ ሰው ከድሩ ይባላል፤ እዚህ ቡራዩ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነው፣ ሱሉልታ ላሉ ደንበኞቹ ዕቃ ያወርዳል። እሱ ነገሩን ያውቃል። እንዴት እንዳወቀ ከታች እነግርዎታለሁ።

እሁድ ሽማግሌ ይዘው መጥተው ልጅዎንና ልጃችንን ማሪቱን ሊወስዱ እንደሆነ ጎረቤታችን ተረፈች ነግራኛለች። ለእርስዎም የእኔን ወሬ ያደረሰችው እሷ ናት። አልተቀየምኳትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ሰካራም ነው ብላዎታለች። የልጅዎን እጅ በከሰል አቃጠለው ብላዎታለች። የመጀመሪያውን እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ፣ እሁድም እሸከመዋለሁ። ሁለተኛውን ግን አልቻልኩም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው። እማዬ፣ እጇን እኔ አላቃጠልኩም።

እኔ አልጠጣም። በሠርጌ ቀን በእጅዎ የቀዱልኝን ጠላ ጠጥቻለሁ፣ ዓመት በዓል ሲሆንም እቀምሳለሁ፤ ከዚያ ውጭ ሆዴ አይቀበለውም። ድሮ በዚህ ይስቁብኝ ነበር፤ እንደ ሙሽራ ይቀማምሳል ይሉኝ ነበር። ታዲያ በየቅዳሜው ሰበታ ድረስ እየሄድኩ በሰው ፊት ሰካራም ነኝ የምለው በማን ፈንታ ነው? ይህን ስጽፍ እስክሪብቶውን ደጋግሜ አስቀመጥኩት። ከመጀመሪያው ብጀምር ይሻላል።

ሁለተኛው ልጃችን በተወለደበት ቀን የሞተ ጊዜ ያስታውሳሉ፤ እንዴት ይረሳል። ልጅዎ አልጋ ላይ ሆና ዓይኗ አልከደን አለ። እንባም የላት፣ እንቅልፍም የላት፤ ግድግዳ ብቻ ታያለች። ያኔ ከእኔ በላይ የሚወዳት ሰው፣ ትንሽ ቢያስተኛት ብሎ፣ አረቄ በመለኪያ ቀድቶ ሰጣት። በአፉ ዙሪያ አረንጓዴ መስመር ያለው መለኪያ ነው። ራሷን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ተኛች። ሁላችንም ተመስገን አልን። በዚያ ሰዓት ከዚያ የተሻለ ነገር ማንም አላወቀም፤ ደግነት ነበር፣ ዛሬም ደግነት ነው የምለው። መለኪያው ግን እኛ ቤት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ለእንቅልፍ ተባለ። ቀጥሎ ለወገቧ፣ ቀጥሎ ለብርዱ። በመጨረሻ ምክንያት መስጠቱም ቀረ። የሃይላንድ ላስቲክ ከጤፍ በርሜል ውስጥ ተቀብሮ አገኘሁ። ሽታው እንዳይታወቅ ቅርንፉድ ታኝካለች። ድሮ የምወደው ሽታ ነበር፤ አሁን ከሥራ ገብቼ ቤቱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሲለኝ መጀመሪያ ማሪቱን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ስጠይቃት በማሪቱ ራስ ትምላለች። በልጅቷ ራስ መማል ስትጀምር መጠየቁን ተውኩ፤ ለልጅቷ ፈራሁ።

ያላንኳኳሁት በር የለም። ጤና ጣቢያ ብጠይቅ ታማሚውን ይዘህ ና አሉኝ፤ ታማሚዋ ደግሞ ምን ሆኜ ትላለች። ጠበል ወሰድኳት። እውነቱን ለመናገር ጠበሉ ረድቷት ነበር፤ ፊቷ ተመለሰ፣ ከማሪቱ ጋር መሳቅ ጀመረች። ደስ ብሎን ስለት እናግባ አልን። ስለቱን ልናገባ ጎረቤት ጠራን፣ ጎረቤት ከተጠራ ያለ ጠላ አይሆንም፣ ጠላውን ደግሞ የጠመቀችው እሷው ናት። ከእርስዎ እጅ የተማረችው ነውና ሁሉም ደጋግሞ እያስቀዳ አመሰገናት። እስቲ ትንሽ ቅመሺ እንጂ፣ የራስሽ ስለት አይደለም ወይ ያሏት ብዙዎች ናቸው። መጠጥ ስላቆመች ጠላ ጠምቀን ያመሰገንን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

አዲስ አበባ ጠጪዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበት ቦታ አለ ሲሉኝ ደወልኩ። ያነሳው ሰው ደግ ነበር፤ ሴቶችም ይመጣሉ አለኝ። ለእሷ ሳነሳላት ግን በሰው ፊት ሰካራም ልታስብለኝ ነው ብላ ለቀናት ምግብ እምቢ አለች። በዚህ መሐል ነው ሰበታን ያገኘሁት። እንደሚያውቁት ሥራዬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት መግጠም ነው፤ ፉሪና ሰበታ በየጊዜው አዲስ ቤት ስለሚነሳ ወደዚያ አዘወትራለሁ። ሰበታ አንድ ኬጂ መስኮት ልለካ ሄጄ ከበሩ ጀርባ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። መጠጥ ማቆም የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ፣ ስሙን አንጠይቅም ይላል፤ ከሥሩ በኦሮምኛም ተጽፏል። የኬጂው ባለቤት አዴ ገለቴ ይባላሉ፤ ባላቸውን መጠጥ የገደለባቸው ሴት ናቸው። ሜትሩን ዘርግቼ ቆሜ ሳነብ አዩኝና፣ ለማን ነው ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ለሚስቴ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ለእኔ ነው አልኩ።

ወንድ ሲጠጣ ጠጪ ይሉታል። ሴት ስትጠጣ ምን እንደሚሏት፣ ዕድሜዎን ጠላ ሲሸጡ የኖሩት እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ያንን ስም ከእርስዎ ልጅ ጋር አብሮ ማውጣት አፌ እምቢ አለ። ደግሞም በልቤ፣ እኔ ሄጄ ልማርና ትምህርቱን ይዤላት ልግባ ብዬ አስቤ ነበር። በሽተኛዋ ቤት ቀርታ ጤነኛው መድኃኒት ሊውጥ ሄደ ማለት ነው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ትልቅ ብልሃት መስሎኝ ነበር።

ወንበሮቹ የሕፃናት ናቸው። ትልልቅ ወንዶች ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሀሁና የዝሆን ሥዕል እያዩ ተራ በተራ ይናገራሉ። ሰብሳቢው ጋሽ ወንዳፍራሽ የሚባሉ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። አንዱ ሲናገር ሌላው አይመክርም፣ አይገሥጽም፣ ዝም ብሎ ይሰማል። እኛ አገር ሳይመክር የሚሰማ ሰው አይቼ ስለማላውቅ በጣም ገረመኝ። ተራዬ ሲደርስ የእሷን ቀን የራሴ አድርጌ ተናገርኩ፤ በርሜሉን፣ ቅርንፉዱን፣ በልጅ ራስ የሚማለውን መሐላ። መጨረስ አቃተኝ፣ አለቀስኩ። የቤቴን ጉድ ጮክ ብዬ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀሎኝ ወጣሁ እማዬ። ያቀለለኝ ውሸት ነበር፣ ግን ቀለለኝ።

ቀና ስል ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ከድሩ ነው። የሰፈሬ ሰው! ከጎረቤት ዓይን ሸሽተን ሁለታችንም ቡራዩን ጥለን ብንሄድ እዚያው ተገናኘን። ከድሩ ሙስሊም ነው፤ ዘመዶቹ ቢሰሙ ምን እንደሚሉት ያስቡት። ሚስቱ ራቢአ ዕቃ ሊያመጣ የሄደ ነው የሚመስላት። ሰንብቶ አንድ ቀን ስንወጣ ለብቻዬ ሳብ አድርጎኝ፣ ወንድሜ አንተ ጠጥተህ አታውቅም አይደል አለኝ። እኛ ስንናገር የምናወራው መጠጡን ነው፤ አንተ የምታወራው የሚጠጣውን ሰው ነው አለኝ። ማን ናት ብሎም አልጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ነገር ከአፉ አልወጣችም።

ቤት ስገባ የሰማሁትን እንደ ተረት አወራላት ነበር። ልጅዎ ድስት እያጠበች ትሰማለች። አንዳንዴ ያ ከፉሪ የሚመጣው ግንበኛ ዛሬስ ምን አለ ብላ ትጠይቀኛለች፣ ተመልሶ ጀመረ ካልኳት ታዝናለች፣ አሁንም አልቀመሰም ካልኳት ፊቷን ታዞራለች። እኔም ልምጣ ትለኛለች ብዬ በየሳምንቱ ጠበቅሁ። አላለችም።

እጇ የተቃጠለው ታኅሣሥ ላይ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። የከሰል ምድጃውን ቤት አስገብታ፣ በሩን ዘግታ ተኝታ ነበር። ስትነሳ ተንገዳገደችና በእጇ ምድጃው ላይ ወደቀች። በሩን የከፈተችው ከትምህርት ቤት የገባችው ማሪቱ ናት። ልጅቷ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናለቅሰው ለእጅ ብቻ አልነበረም።

ልጅዎን ሳስታምም ከስብሰባው ቀረሁ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፣ የተበላሸውም በደግነት ነው። ስም አንጠይቅም የሚሉ ሰዎች ናቸው፤ ግን የእኛ አገር ሰዎች ናቸውና ከማኅበራቸው አንድ ሰው ሲጠፋ ታሞ ይሆናል ብለው ካልጠየቁ እንጀራ አይወርድላቸውም። አዴ ገለቴ ለመስኮቱ ሥራ የሰጠኋቸው አድራሻ ነበራቸው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ ከፊት፣ አዴ ገለቴ ከኋላ ሆነው፣ ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው ግር ብለው ግቢያችን ገቡ። ከድሩ ከሩቅ ሲያያቸው የሱቁን በር በላዩ ላይ ዘጋ። አዴ ገለቴ ላገኙት ሁሉ አካም ጅርቱ እያሉ ግቢውን ሰላም አዳረሱ። ተረፈች የማን ዘመዶች ናችሁ ብትል፣ አንዱ የዋህ፣ መጠጥ የምናቆም ማኅበር ነን፣ ወንድማችን ሲጠፋብን እንደገና ጀምሮ እንዳይሆን ብለን ልንጠይቀው መጣን አላት።

ተረፈች እኔን አየች። ቀጥላ የልጅዎን የታሸገ እጅ አየች። በቃ፣ እዚያው ተፈረደብኝ። ልጅዎ በደህናው እጇ ለእንግዶቹ ብርጭቆ እያቀረበች አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እኔም ዝም አልኩ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል፤ እኛ ቤት የእምዬን ወደ አብዬ የለከክሁት ራሴ ነኝና ማንን እከሳለሁ?

ከዚያ ወዲህ የግቢው ሴቶች ምስር ወጥ ሲሠሩ ለእሷ ያመጣሉ፣ ቻይው እህቴ ይሏታል። እኔን ሰላም የሚለኝ የለም። ማሪቱ፣ በእናትዎ ስም ያወጣንላት ማሪቱ፣ ተረፈች ናት መሰለኝ ያስተማረቻት፣ ከሥራ ስገባ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አፌን ታሸታለች። ዛሬ አልጠጣህም ጎበዝ ትለኛለች። እናቷ እዚያው ተቀምጣለች። ልጅቷ ግን እሷን አሽትታ አታውቅም።

ከፋሲካ በፊት ጋሽ ወንዳፍራሽ ባለቤቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ እነሱም የሆዳቸውን ይናገሩ አሉ። ለልጅዎ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳት። እሺ አለች! እንደ ሰካራም ሚስት ስለሆነ የምትሄደው እሺ አለች። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ አብራኝ ሄደች፣ ያቺ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የራሷ ወንበር ላይ። ተራዋ ሲደርስ ተነስታ ስለ እኔ ተናገረች። ባሌ በርሜል ውስጥ ይደብቃል አለች። በልጃችን ራስ ይምላል፣ ከማለ በኋላ ልጃችንን ማየት ያፍራል አለች። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም አለች። ጠዋት ጠዋት ዛሬስ አልቀምስም ብሎ ከልቡ ነው የሚነሳው፣ ከሰዓት ሲሆን ግን ቤቱ ይጠበዋል አለች። ሁለተኛው ልጃችን ከሞተ ወዲህ ነው አለች። ሸፍነው ወሰዱበት፣ ፊቱን እንኳ አላሳዩትም፣ ማንን እንደሚመስል ሳያውቅ ቀረ አለች።

እማዬ፣ እኔ አይቼዋለሁ። ታቅፌ ወስጄ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ያላየችው እሷ ናት።

አዴ ገለቴ አለቀሱ። ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ከድሩ እንኳ፣ ነገሩን የሚያውቀው ከድሩ፣ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ያንን ሁሉ ጊዜ መክረው የማያውቁት ሰውዬ ያን ቀን አልቻሉም፤ ተነሣና ይቅርታ ጠይቃት አሉኝ። ተነሥቼ ጉልበቷ ላይ ወደቅኩ። ይቅር በይኝ አልኳት፣ ከልቤ ነው ያልኳት። ልጁን አሳይቻት ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነበር። እጇ ራሴ ላይ አረፈ፤ ያ ጠባሳ ያለበት እጇ ነው። ታክሲ ውስጥ እስከ ቡራዩ እጄን አልለቀቀችም። አለቀ፣ ዳነች አልኩ። ለጥቂት ሳምንታት ቤቱ ቅርንፉድ አልሸተተም።

ከዚያ ሸተተ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው የሆነብኝ። ከድሩ እውነቱን ተናገር ይለኛል። ብናገር ወንበሩ የጠጪ ነውና ተነሣ፣ እሷን አምጣ ይሉኛል። እሷ በራሷ ስም አትመጣም። እኔ ያቺን የሕፃን ወንበር ካጣሁ ደግሞ የቤቴን ነገር የምናገርበት ቦታ በምድር ላይ የለኝም። ስለዚህ እስካሁን በየቅዳሜው እሄዳለሁ፤ በርታ ይሉኛል፣ ያጨበጭቡልኛል።

አሁን እሁድ ሊወስዷት ነው። ልከለክል አልችልም፤ ሚስቱን ያቃጠለ ሰካራም ምን አፍ አለው? ብችልም ምን እንደሚሻላት አላውቅም። ከእናቷ ጋር ብትሆን ይሻላት ይሆናል እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ጓዳዎ የተደረደሩት ጋኖች ይታዩኛል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ያለው የአረቄ ጀሪካን ይታየኛል፣ ጠዋት ጠዋት ጠላ የምትቀዳው እሷ እንደምትሆን ይታየኛል። ጋኑን ይድፉት ብዬ አልጽፍም፤ ልጅዎን ያሳደገና ያስተማረ፣ ለእኔም የዳረ ጋን ነው፤ ደፍተው ምን ሊበሉ? ብቻ ምን ብዬ እንደምለምንዎ ጠፋኝ። ማሪቱን ከእሷ ጋር ከሰል ባለበት ቤት ብቻቸውን አይተዉአቸው። ይህን አንዱን እንኳ ይያዙልኝ።

ሽማግሌዎቹ ትጠጣለህ ወይ ሲሉኝ አዎ እላለሁ፤ ለምጄዋለሁ። እጇን አቃጠልክ ወይ የሚለውን ግን እንዳይጠይቁኝ ያድርጉልኝ፤ ማሪቱ እዚያው ትሆናለች፣ እሷ ደግሞ በሩን የከፈተች ልጅ ናት። እኔ አዎ ስል እርስዎ ልጅዎን እንዳያዩ አደራ። ካዩዋት ማወቅዎን ታውቃለች። በዓለም ላይ የቀራት አንድ የማያውቅባት ሰው እናቴ ናት ብላ ነው የምታስበው።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ለማሪቱ ሲል ዕድሜዎን ያርዝመው። ተቀይመውኝም ቢሆን በጸሎትዎ አይርሱን፤ እኔን ቢረሱ እንኳ እሷን አይርሱ።

ሲወዱኝም ሲጠሉኝም ያው፣
የልጅዎ ባል

ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፦ ከድሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አብሮ ይሰጥዎታል። እንዳይሰበር ቀስ ብለው ይፍቱት። ሲያዩት ያውቁታል፤ በአፉ ዙሪያ አረንጓዴ መስመር አለው፣ አምስቱ ጓደኞቹ እርስዎ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከጤፉ በርሜል አውጥቼ አጠብኩት። ማታ ስትፈልገው ታጣዋለች። መለኪያውን ስታጣ የምትቀዳበት የማሪቱ የውሃ ኩባያ ግን እዚያው አለ፤ እሱን ከልጅቷ ወስጄ የት ልደብቀው?